የብሎን መርገጫ ወይስ የዘንግ መሰላል? ወደ አደን ማማ መውጫ አመራረጥ

ብዙ ሰው የአደን ማማ፣ ማለትም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አዳኝ የሚቀመጥበትን መድረክ፣ ሲገዛ ልቡ ማማው ላይ ነው። ስፋቱን ያያል፣ መቀመጫውን በእጁ ይጫናል፣ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይጠይቃል። ዛፉ ላይ መውጫውን ግን መጨረሻ ላይ፣ በተረፈው ገንዘብ ይገዛል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ሳደርግ ቆይቻለሁ። አሁን ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። አዳኝ ማማው ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። የሚወድቀው በአብዛኛው ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ወይም ከመውጫው ወደ ማማው እግሩን ሲያሻግር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መውጫው ይመረጥ፤ ማማው ይደርሳል።

ከመውጫዎች ሁሉ ብዙ ክርክር የሚነሳበት የብሎን መርገጫ ነው። የሚወዱት አጥብቀው ይወዱታል። የሚጠሉት ደግሞ ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይለወጣል። እኔ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፣ አሁንም ጥቂት አለኝ፤ ግን ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መርገጫው ቀላል ነገር ነው። የታጠፈ የብረት ዘንግ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሹል ሆኖ የብሎን ጥርስ አለው፣ ሌላው ጫፍ እግር ያርፍበታል። ሹሉን ግንዱ ላይ ታስደግፋላችሁ፣ እየተጫናችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ጥርሱ እንጨቱን እየነከሰ ይገባል። መርገጫው ራሱ እጀታ ስለሚሆን ሌላ መሣሪያ የግድ አይደለም። አንድ ወጥ ብረት የሆነ አለ፣ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የሚገባም አለ። የሚታጠፈው ለመሸከም ይመቻል። አንድ ወጥ የሆነው ግን የሚላላ መጋጠሚያ የለውም፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ጥሩ ጎኑ እውነተኛ ነው። ከሁሉም መውጫ ርካሹ ነው፣ አንድ አንድ እያሉ መግዛት ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ዛፍ አለመምረጡ ነው። ጠማማ ግንድ፣ መንታ የሆነ ግንድ፣ ማሰሪያ ቀበቶ የማይዞርበት ወፍራም ግንድ፣ ቅርንጫፉ የተጠላለፈ ዛፍ፣ ሁሉም ላይ ይገባል። እግራችሁ የሚፈልገው ቦታ ላይ ነው የምትተክሉት። ከእንስሳ ዓይን ለመሸሸግ የሚመቸው ዛፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ጠማማና ቅርንጫፋም ዛፍ ነው። ቀጥ ያለ ራቁት ግንድ ላይ የተቀመጠ አዳኝ ከሩቅ ይታያል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ማማው 5 ሜትር ላይ ይሁን። በመርገጫ እና በመርገጫ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትተዉ እስከ ማማው ድረስ 12 መርገጫ ያስፈልጋል። ከማማው ወለል በላይ ደግሞ ሌላ 3 መጨመር አለበት፤ ምክንያቱን ኋላ እመለስበታለሁ። በድምሩ 15 ሆነ። 15 ጊዜ፣ ግንዱን በሚዞር የወገብ ገመድ ተንጠልጥላችሁ፣ ብረት ወደ እንጨት ማዞር ማለት ነው። ለስላሳ እንጨት ላይ ያልፋል። እንደ ኦክ ያለ ጠንካራ እንጨት ላይ ግን ክንድ ያዝላል። እንጨቱ በብርድ ከደረቀ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ሰው ይህን ሲሠራ ላብ በላብ ይሆናል፣ ላቡ ይሸታል፣ ሽታው ነፋስ ይዞት ይሄዳል። በአደኑ ቀን ጠዋት የሚደረግ ሥራ አይደለም። ከሳምንታት በፊት ተተክሎ መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛው ችግር አያያዙ ነው። መርገጫው የሚይዘው እንጨቱን እንጂ ቅርፊቱን አይደለም። ያረጀ ወፍራም ቅርፊት ያለው ዛፍ ላይ ጥርሱ ግማሹ ቅርፊት ውስጥ ይቀራል። ከውጭ ሲታይ ጥብቅ ይመስላል። ክብደት ሲያርፍበት ነው የሚታወቀው። እንደ ፖፕላር ባለ ለስላሳ እንጨት ላይ ብሎኑ በቀላሉ ይገባል፤ ግን በቀላሉ የገባ ነገር በቀላሉም ይላላል። የበሰበሰ ወይም የሞተ ዛፍ ላይማ ጭራሽ አይሞከርም።

ሦስተኛውን ችግር የተማርኩት በራሴ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ውርጭ ጥሎ ነበር። ስወርድ ቀኝ እግሬ ከመርገጫው ተንሸራተተ። ሁለት እጄ ይዞ ስለነበር፣ በገመድም ታስሬ ስለነበር ምንም አልሆንኩም። ግን ቁልቁል ስመለከት ከእኔ በታች 8 መርገጫ ጫፋቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ቆመዋል። ብወድቅ መሬት ከመድረሴ በፊት የማገኘው እነሱን ነበር። የብሎን መርገጫ ላይ የወደቀ ሰው ጉዳቱ የመሬቱ ብቻ አይደለም። ብረቱ ይቀድዳል፣ ይወጋል። ግንዱ ላይ የሚታሰረው የዘንግ መሰላልም (ኋላ እመጣበታለሁ) ይህ ችግር አለበት፤ ግን መርገጫዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ብዙዎቹም ወደ ግንዱ የቀረቡ ናቸው።

ከዚያ የዛፉ ጉዳይ አለ። ይህን ብዙ ሰው ያቃልለዋል፤ እኔ ግን አላቃልለውም። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ ሰንጥቆ ውስጡን ሲያጠና ኖሯል። በ1977 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ጥናት የዛፍ ቁስልን የምናይበትን መንገድ ቀይሮታል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቁስል አይድንም። ዛፉ የተጎዳውን ክፍል በዙሪያው አጥር ሠርቶ ይለየዋል፣ ከዚያ በላዩ አዲስ እንጨት ያሳድጋል። የቆሰለው ቦታ ግን ውስጥ እንዳለ ይቀራል። አንድ ብሎን ጤነኛ ትልቅ ዛፍ አይገድልም። 15 ብሎን በየዓመቱ በአዲስ ቦታ ከሆነ ግን 15 አዲስ የመበስበሻ በር በየዓመቱ ነው። ኦክ ዛፍ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። በሰሜን አሜሪካ የኦክ ማጠውለግ በሽታ ባለበት አካባቢ ፈንገሱን የሚያዛምቱ ጥንዚዛዎች በጸደይና በበጋ መጀመሪያ ወደ አዲስ ቁስል ይመጣሉ። ቀይ ኦክ ከተያዘ በሳምንታት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ማማውን በዚያ ወቅት ማዘጋጀት የሚወድ ሰው ይህን ልብ ይበል።

መርገጫውን ትቶ መሄድም ጣጣ አለው። ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ስለዚህ መርገጫው ከተተከለበት ከፍታ አይነቃነቅም። ግንዱ ግን በየዓመቱ ይወፍራል። አንድ ወዳጄ ለጥቂት ዓመታት የተዋቸውን መርገጫዎች ሊያወጣ ሄዶ ግንዱ ግማሻቸውን ውጧቸው አገኘ። አልወጡም። ያ ዛፍ አንድ ቀን ሲቆረጥ የመጋዙን ጥርስ ይሰብራል፣ ብረቱም ተፈናጥሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤቶች ብረት የገባበትን ግንድ የማይፈልጉት። የባለቤቱም ግንድ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ መሬቱ የሰው ከሆነ ሳይጠይቁ ብሎን መትከል አይገባም። መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሕግ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የዱር አራዊት መጠለያዎች ውስጥ ሚስማርም ሆነ ብሎን ዛፍ ውስጥ ማስገባት የተከለከለ ነው። ደንቡ እዚያ ላይ አይቆምም። ሌላ ሰው ብረት ባስገባበት ዛፍ ላይ ሆኖ ማደንንም ይከለክላል። ሚሺጋን ግዛት በሕዝብ መሬት ላይ ቅርፊት አልፎ የሚገባ መውጫ አይፈቅድም። ተመሳሳይ ክልከላ በብዙ ቦታ አለ። የምታድኑበትን መሬት ደንብ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ፤ ብዙ ሰው ላይ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

እንግዲህ ሌሎቹን እንያቸው።

የዘንግ መሰላል የሚባለው ከ3 ወይም ከ4 አጫጭር ቁራጮች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 2 ወይም 3 መርገጫ አለው፤ በማሰሪያ ወይም በገመድ ግንዱ ላይ ይታሰራል። ቁራጮቹ እርስ በርስ ስለማይገናኙ እያንዳንዱን በፈለጋችሁት አቅጣጫ ታስሩታላችሁ። ትንሽ የተጣመመ ግንድ አያስቸግረውም። ቅርንጫፍ ቢኖርም አንዱን ከሥሩ ሌላውን ከላዩ ታደርጋላችሁ። ልምድ ያለው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ፣ ላብ ሳያልበው፣ ማታ አውርዶ ጠዋት ሌላ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ዛፉም አይበሳም። ዋጋው ግን ከብሎን መርገጫ ብዙ እጥፍ ነው፣ ቀላሉና ምርጡ ደግሞ ይወደዳል።

ጉድለቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ብረት ከብረት ሲጋጭ በጸጥታ ጊዜ እንደ ደወል ነው የሚሰማው፤ ጨርቅ ወይም ፕላስተር ጠቅልሉበት። ማሰሪያው ፀሐይ ያሳሳዋል፣ ሽኮኮም ትቆረጥመዋለች። ዛፉ ላይ ከተዋችሁት በየጊዜው እየሄዳችሁ መመርመር ግዴታ ነው። ዋናው ስህተት ግን አስተሳሰር ላይ ነው። ማሰሪያውን ካጠበቃችሁ በኋላ ዘንጉን በኃይል ወደ ታች መጫን አለባችሁ፤ ያኔ ጥርሶቹ ቅርፊቱን ይነክሳሉ፣ ማሰሪያውም ይወጠራል። ይህን የዘነጋ ሰው ከረገጠ በኋላ ዘንጉ ወደ ጎን ይዞርበታል። ለስላሳ ቅርፊት ያለው ዛፍ፣ ለምሳሌ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚወድቅ ባሕር ዛፍ ላይ፣ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

በማሰሪያ የሚታሰር ነጠላ መርገጫም አለ። የብሎን መርገጫ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ በብሎን ፈንታ ቀበቶ መያዙ ነው። ዛፍ አይጎዳም፣ ሕግ ባለበት ቦታም ያስኬዳል። ግን 15 ነጠላ መርገጫ ማሰር 15 ብሎን ከማዞር ያልተናነሰ ጊዜ ይወስዳል፣ ካልተወጠረም ይዞራል። እኔ ሙሉ መውጫ አድርጌ አልጠቀምበትም። ከዘንግ መሰላሉ በላይ አንድ ወይም ሁለት ጨምሮ ወደ ማማው መሻገሪያ ለማድረግ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ግንዱን በእጅ መሰርሰሪያ በስቶ የብረት ዘንግ የሚሰኩበት መንገድም አለ። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ትንሽ ቁልቁል እንዲያዘነብል ተደርጎ ይበሳል፤ ዘንጉ እየተሰካ ይወጣል፣ ሲወረድም እየተነቀለ ይወሰዳል። ጠንካራ እንጨት ላይ ከብሎን መርገጫ ይልቃል፣ ሌባም የሚወስደው ነገር አያገኝም። ዛፉን መብሳቱ ግን ያው ነው፣ ክልከላውም ያው።

መሰላል ከማማው ጋር አብሮ የሚመጣበት ዓይነት ለመውጣት ከሁሉም ይቀላል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው፣ ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው፣ ከፍታ ለሚያስፈራው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ከባድ ስለሆነ ለመትከል 2 ወይም 3 ሰው ይፈልጋል። አንዴ ከቆመ በቀላሉ አይነሳም፣ ከሩቅም ይታያል። በላዩ ያለው ማሰሪያ ሳይታሰር የሚደረገው የመጀመሪያ መውጣት ነው አደገኛው። በዚያን ጊዜ ከሥር ሰው አጥብቆ ይያዝ።

ከአዳኙ ጋር እየተጎተተ የሚወጣው ባለሁለት ክፍል ማማ መርገጫም መሰላልም አይፈልግም። ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ውፍረቱ የተመጣጠነ ግንድ ካላችሁ ድንቅ ነው። ከሌላችሁ አይሆንም።

የኔ ምርጫ እንዲህ ይሆናል። በሕዝብ መሬት የሚያድን፣ ወይም በየሳምንቱ ቦታ የሚቀይር ሰው ያለ ጥርጥር የዘንግ መሰላል ይግዛ። ገንዘብ ቢያጥር ከማማው ላይ ቀንሶ መውጫው ላይ ይጨምር። መሬቱ የራሱ ሆኖ ለዓመታት አንድ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ባለመሰላሉን ማማ ይትከል። የብሎን መርገጫ ቦታው ጠባብ ነው። መሬቱ የራሳችሁ ወይም ባለቤቱ የፈቀደላችሁ ይሁን። ዛፉ ለግንድ የማይሸጥ፣ ግን ሕያውና ጤነኛ ይሁን። ቅርጹ ሌላ ማንኛውንም ነገር የማያስተናግድ ይሁን። እንዲህ ያለ ዛፍ አለ፤ አንድ መንታ ግንድ ያለው አሮጌ ዛፍ አለኝ፣ ማሰሪያ ምንም ቢደረግ አይዞርበትም። ለእሱ ብሎን ነው የምጠቀመው። ሌላው ጥሩ መንገድ መቀላቀል ነው። ታችኛውን ቀጥ ያለውን ክፍል በዘንግ መሰላል ወጥቶ፣ ላይ ቅርንጫፍ የበዛበት ቦታ ላይ 3 ወይም 4 ብሎን መርገጫ ብቻ መትከል።

የብሎን መርገጫ ከመረጣችሁ አተካከሉ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱን መርገጫ ቤት ሆናችሁ በብርሃን እዩት። የታጠፈበት ቦታ ስንጥቅ ካለው፣ ወይም አንዴ ጎብጦ የተቃና ከሆነ ጣሉት። እግር የሚያርፍበት ጫፍ ወደ ላይ ቀና ያለ መሆኑን አረጋግጡ፤ ያ ቀና ያለው ጫፍ ነው ጫማ ወደ ጎን እንዳይሾልክ የሚያግደው። ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ጫማ የሚይዝ ሻካራ ፕላስተር ይጠቅለልበት።

ስትተክሉ ዛፉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ በጀርባው በኩል ውጡ፤ ሰውነታችሁ ግንዱ ላይ እንዲያርፍ እንጂ ወደ ኋላ እንዳይንጠለጠል። መርገጫዎቹ ግራ ቀኝ ይፈራረቁ። ልዩነታቸው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ረጅም ሰው አራርቆ መትከል ያምረዋል፤ ግን ማታ ደክሞት፣ በወፍራም ልብስ፣ በጨለማ እንደሚወርድበት ያስታውስ። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ በመጀመሪያ በትንሽ መሰርሰሪያ መነሻ ቀዳዳ አበጁ። ጥርሱ ሙሉ በሙሉ እንጨት ውስጥ ገብቶ የመርገጫው አካል ግንዱን እስኪነካ አዙሩ። ጨርሳችሁ መርገጫው እግር በሚያሳርፍበት አቅጣጫ ካልቆመ ወደ ኋላ አትመልሱት፤ ወደፊት ጨምራችሁ አዙሩት። ወደ ኋላ የተመለሰ ብሎን የላላ ብሎን ነው።

አሁን ወደ 3ቱ ትርፍ መርገጫዎች ልመለስ። መውጫው ከማማው ወለል እኩል ካበቃ አዳኙ ወለሉን በእጁ ይዞ፣ ራሱን ጎትቶ፣ በጉልበቱ ነው የሚገባው። ማማው ገና ክብደት አላረፈበትም፣ ሊንሸራተት ይችላል። ከወለሉ በላይ መርገጫና መያዣ ካለ ግን ከፍ ብላችሁ ወደ ማማው ትወርዳላችሁ። ሁለት እጃችሁ ዛፉ ላይ ነው። ይህ ለብሎን ብቻ አይደለም፤ ለዘንግ መሰላልም ያው ነው።

የትኛውንም መውጫ ብትመርጡ ከመሬት ከተነሳችሁበት ጊዜ ጀምሮ መሬት እስክትመለሱ ድረስ ታስራችሁ ሁኑ። ወገብ ወይም ደረት ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ አይደለም የምለው፤ ትከሻንም ጭንንም የሚይዝ ሙሉ ሴፍቲ ቀበቶ ነው። በብዙዎቹ ላይ የሚጻፈው የክብደት ገደብ 136 ኪሎ ነው፤ ያ ልብሱንም ዕቃውንም ጨምሮ ነው። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ። መርገጫ ስትተክሉ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ እንደሚሠሩት ሠራተኞች፣ ግንዱን የሚዞር የወገብ ገመድ ተጠቀሙ፤ ሁለት እጅ ለሥራ ነፃ ይሆናል። ተከላው ካለቀ በኋላ ደግሞ ከማማው በላይ ታስሮ እስከ መሬት የሚወርድ የደህንነት ገመድ ተዉ። በእሱ ላይ ቀበቶአችሁ የሚያያዝበት የፕሩሲክ ቋጠሮ አለ፤ ስትወጡ በእጅ እየገፋችሁት ይወጣል፣ ድንገት ከተጎተተ ግን ገመዱን ነክሶ ይይዛል። ቋጠሮውን ሁልጊዜ ከራስ በላይ አድርጉት። ዝቅ ካለ የምትወድቁበት ርቀት ይረዝማል።

ወድቃችሁ ቀበቶው ከያዛችሁ በኋላም ሥራ አለ። ተንጠልጥሎ ያለ እንቅስቃሴ መቆየት ደም እግር ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል፣ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። እግር የሚገባበት ትንሽ የገመድ ቀለበት ቀበቶው ላይ ይኑር፤ እሱ ላይ ቆማችሁ ጭናችሁን ከጫናው ታሳርፋላችሁ። ስልክና ፊሽካ ቦርሳ ውስጥ አይሁን፣ እጅ የሚደርስበት ኪስ ውስጥ ይሁን።

መሣሪያ ይዞ አይወጣም። ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ በገመድ ይታሰር፤ እናንተ ላይ ሆናችሁ ቀበቶው ከዛፉ ጋር ከተያያዘ በኋላ ጎትቱት። ቀስትም እንዲሁ፣ የፍላጻዎቹ ስለት ተሸፍኖ።

የአደኑ ወቅት ሲያበቃ መርገጫዎቹን አውጡ። ከላይ ጀምራችሁ፣ በወገብ ገመድ ታስራችሁ፣ እየወረዳችሁ። አንዱ እምቢ ካለ በመዶሻ አትምቱት፤ ትንሽ ወደፊት አዙሩት፣ ከዚያ ወደ ኋላ። የቀረውን ቀዳዳ በጭቃ፣ በሙጫ ወይም በስሚንቶ አትድፈኑት። እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል እንጂ ዛፉን አይረዳውም። የኦክ ማጠውለግ በሽታ ባለበት አካባቢ፣ ጥንዚዛዎቹ በሚበሩበት ወቅት ቁስል ከተከፈተ ብቻ ወዲያው ቀለም መቀባት ይመከራል። በተረፈ ቀዳዳውን ለዛፉ ተዉለት። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ዛፍ ላይ ስትመለሱ አሮጌውን ቀዳዳ ለመጠቀም አትሞክሩ፤ ዙሪያው ለስልሶ ይሆናል። ከእሱ ራቅ ብላችሁ ጤነኛ እንጨት ፈልጉ። ጤነኛ ቦታ ካጣችሁ ያንን ዛፍ አሳርፉትና ሌላ ፈልጉ።